የተበተነ ዕቃ

ዓምራን ለሱብሂ ሶላት መስጊድ እንደወጣ፣ አክስቱ ፋዱማ የክፍሉን በር ከውስጥ ቀረቀረችና ጥቁሩን ሻንጣ ምንጣፉ ላይ አጋድማ ከፈተችው። ድሮኑ በልኩ በተቆረጠለት የስፖንጅ ጉድጓድ ውስጥ ክንፎቹን አጥፎ ተኝቷል። ልጁ ዋሂል ከሚሠራው የመሬት ልኬት በተመለሰ ቁጥር እዚሁ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ አቧራውን በብሩሽ ሲጠርግለት፣ ባትሪውን ሲያወጣና ሲከት፣ ክንፎቹን ሲዘረጋና ሲያጥፍ ስታይ ነው የሰነበተችው። ስለዚህ አፈታቱን ታውቀዋለች። ባትሪዎቹን ለብቻ፣ ሪሞቱን ለብቻ፣ ገላውን ለብቻ አደረገች። ገላውን በፌስታል ጠቅልላ፣ በላዩ ላይ ቢጫ አበባ ያለበትን አሮጌ ሻሿን ደርባ፣ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። ከዚያ ባዶውን ሻንጣ አንጠልጥላ ሞከረችው። ቀለላት። ሻንጣ ሲቀል ባለቤቱ ያውቃል። ትናንት ለመንገድ ስንቅ ብላ ከመጋላ ገበያ የገዛችለትን ሐልዋ በወረቀቱ እንደተጠቀለለ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጠችው። የሐልዋ ዋጋ ከአምናው እጥፍ ስለሆነ ሻጩን ስትረግም ነበር የዋለችው፤ አሁን ግን ክብደቱን አመሰገነችው። ዙሪያውን በሁለት ፎጣ ጠቅጥቃ ዘጋችና እንደገና አነሳችው። ልክ መጣ።

ነገሩ የተጀመረው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ጎረቤቷ ሰምሰም ግድግዳ ተደግፋ ጫቷን እየቀነጠሰች ስለ አንድ ካሜራ አንሺ ወሬ አመጣች። የትኛው ኬላ እንደሆነ አልተናገረችም፤ እሷም ከሰው ነው የሰማችው። ልጁ ማንም ሳይጠይቀው፣ በገዛ እጁ ካሜራውን አውጥቶ፣ ይኸው ብሎ አሳየ አሉ። ካሜራው ይቆይ ተባለ። እንደቆየ ቀረ። ከኋላው የነበረችው ሴትዮ ግን ስልኮቿን በጡቷ ሥር ሸጉጣ፣ እያዛጋች አለፈች። አብረው የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ሳቁ፤ ፋዱማ አልሳቀችም። ማታ ዓምራን ሲገባ ድሮኑን እንዴት ሊያሻግረው እንዳሰበ ጠየቀችው። እንደ ልማዱ ዝግ ብሎ አስረዳት። ድሮኑ የእሱ አይደለም፤ ጅቡቲ የቀጠረው የመሬት ልኬት ድርጅት ንብረት ነው። በዋሂል አካባቢ ጎርፍ የቦረቦረውን መሬት ከላይ ሆኖ እንዲለካ ሲልኩት፣ በፈቃድ አስመዝግቦ ነው ያስገባው። ሲወጣም ያንኑ ድሮን፣ ያንኑ ቁጥር፣ ይዞ መውጣት አለበት። በሰላም መልሶ ካስረከበ ደግሞ ቋሚ ሠራተኛ ሊያደርጉት ቃል ገብተውለታል። «አሳያቸዋለሁ፣ ሆዮ፤ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩታል፤ በቃ» አላት። ሆዮ፣ እናቴ ማለቱ ነው። የፋዱማ ታላቅ እህት እሱን ሕፃን ትታው ከሞተች ወዲህ በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።

አሳያቸዋለሁ የሚለው ቃል ግን ለፋዱማ እንቅልፍ ነሳት። የጉምሩክ ሰዎችን እስከ ዛሬ በድሮ ስማቸው «ፊናንስ» እያለች ነው የምትጠራቸው፤ በአሮጌው ባቡር ከጅቡቲ ዕቃ እያመጣች በተመላለሰችባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን ለፊናንስ የያዘችውን አሳይታ አታውቅም። ያን ጊዜ እሷና ባልንጀራዋ ዘርፈሽ፣ ሌሎችም ሴቶች፣ ሕግ ነበራቸው። ዕቃ ይበተናል እንጂ በአንድ ሰው እጅ አይቀመጥም። የቴፑ ገላ አንዷ ጋ ይሆናል፤ ድምፅ ማጉያው ሌላዋ ጋ፤ ገመዱ ሕፃን ያዘለችው ጋ። ግማሽ ዕቃ ለማንም ስለማይረባ፣ ያገኘው ፊናንስ አገላብጦ አይቶ ይመልሰዋል። ሙሉው ከተያዘም፣ የማን ነው ሲባል የማንም አይደለም፤ ሴቶቹ በመስኮት የሽንሌን ሜዳ ያያሉ። ፋዱማ በዚህ ሕግ ዓምራንን አልብሳ፣ አብልታ፣ አስተምራ ጅቡቲ ድረስ አደረሰችው። እሱ ግን ልጅ ሳለ የክፍል ጓደኞቹ የኮንትሮባንድ ልጅ እያሉ አስለቅሰውት ያውቃሉ፤ ካደገ በኋላ ያ ባቡር በቤታቸው ውስጥ ተነስቶ አያውቅም። ደረሰኝ የሌለው ነገር አይገዛም። የባጃጅ ነጂ መልስ አብዝቶ ከሰጠው ተመልሶ ፈልጎ ይሰጠዋል። ፋዱማ በዚህ ትኮራበታለች፤ በልቧ ግን ይህ ልጅ የሚኖርበትን ዓለም አያውቀውም ትላለች።

ግቢውን አቋርጣ ዘርፈሽ ቤት ስትደርስ፣ ዘርፈሽ ነጠላዋን አገልድማ ጓዟን ስታስር አገኘቻት። ዘርፈሽ ጅቡቲ የምትኖረው ልጇ ስለወለደች ልትጠይቃት ከዓምራን ጋር በአንድ ባቡር መሄዷ ነው። ሽሮው በማዳበሪያ፣ የገንፎው እህል በማዳበሪያ፣ የሕፃኑ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ፋዱማ በሻሽ የታሰረውን ነገርና ባትሪዎቹን ከትከሻዋ ላይ ከጣለችው ጋርበሳር ሥር አወጣች።

«ዘርፌ፣ አደራ አለችኝ።»

«የልጁ ናት?»

«የልጁ ናት። ድንበሩን፣ ደወሌን ካለፋችሁ በኋላ ትሰጪዋለሽ። እስከዚያ አይወቅ።»

ዘርፈሽ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። አለመጠየቅ የዚያ ሥራ ክብር ነበር። የሽሮውን ማዳበሪያ አፍ ፈትታ፣ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ቦታ አበጀችለት። ባትሪዎቹን በሕፃኑ ብርድ ልብስ መሀል ከተቷቸው። «እኔ እኮ ከዚህ ሥራ ጡረታ የወጣሁ መስሎኝ ነበር፣ አቦ» አለች ዘርፈሽ፣ እጇ ላይ የቀረውን ሽሮ እያራገፈች፤ ሁለቱም እንደ ኮረዶች አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ፋዱማ ተመልሳ ሪሞቱን በዓምራን የልብስ ሻንጣ ውስጥ፣ በሱሪው እግር ውስጥ ጠቅልላ ስትጨርስ፣ እሱ ከመስጊድ መጥቶ ቁርስ ጠየቀ። ሲበላ አየችው። ደስ ብሎታል። ፈክቶ የማያውቅ ፊቱ ዛሬ ፈክቷል።

ለአዲሱ ጣቢያ ባጃጁ አራት መቶ ብር ጠየቀ። ዘርፈሽ ወደ መልካ ጀብዱ የሚወስደውን መንገድ የሠራው እሱ እንዳልሆነ አስታውሳው ወደ ሦስት መቶ አወረደችው። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ሲያልፉ ነፋሱ ገና ቀዝቃዛ ነበር። ከተማው አልቆ ሜዳው ሲከፈት ግን ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበላቸው። ዓምራን ጥቁሩን ሻንጣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ አቅፎታል፤ ባጃጁ ጉድጓድ በነካ ቁጥር ከፍ ያደርገዋል፣ እንዳይመታ። ፋዱማ ሐልዋውን እንደዚያ ሲጠነቀቅለት እያየች መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ቆይቶ ግን ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች። ስለ ሕፃኑ ስም አወሩ። ዘርፈሽ ስሙ ኪዳነ ምሕረት ይባል ብትልም ልጇ ለጅቡቲ ሰው አፍ ይከብዳል ብላ እምቢ እንዳለቻት ነገረቻቸው። ዓምራን ቋሚ ሲሆን ለፋዱማ ቤት አዲስ ቆርቆሮ እንደሚያለብስላት ተናገረ። ፋዱማ አሜን አለች።

አዲሱን ጣቢያ አይታው አታውቅም። አሮጌው ጣቢያ ሰው ከሰው የሚጋፋበት፣ ብርቱካን ሻጭ የሚጮህበት፣ ፊናንሱም ሌባውም ነጋዴውም በስም የሚተዋወቁበት ነበር። ይህ ግን ሰፊ፣ ከፍ ያለ፣ ወለሉ የሚያንጸባርቅ፣ ድምፅ የሚያስተጋባ አዳራሽ ነው። ሸኚ እስከ ፍተሻው ድረስ ብቻ ነው የሚገባው። እሷ በዘመኗ የምታውቀው የሰው እጅ ነበር። የትኛው ፊናንስ በጣቱ እንደሚዳብስ፣ የትኛው በሽቦ እንደሚወጋ፣ የትኛው ሴት ዕቃ መንካት እንደሚያፍር ታውቅ ነበር። እዚህ ግን እጅ የለም። ዕቃው በሚሄድ ጎማ ላይ ይቀመጣል፣ የላስቲክ መጋረጃ ወዳለው ማሽን አፍ ይገባል፤ ወጣቱ ፈታሽ ከጎን ተቀምጦ ስክሪን ያያል። የአንድ ሰው ሻንጣ ሲያልፍ ፋዱማ አንገቷን አስግጋ ተመለከተች። ጫማው፣ ማንኪያው፣ የቀበቶው ዘለበት፣ ሁሉም እንደ አጥንት ተለይቶ ይታያል። የዘርፈሽን ማዳበሪያ በዓይኗ ፈለገችው።

ሰልፉ ውስጥ ወደ ዓምራን ተጠጋችና እጅጌውን ሳበችው። ልትነግረው ነበር። አሁን ብትነግረው፣ ወደ ጥግ ወጥተው ዕቃውን ከየቦታው አውጥተው ሻንጣው ውስጥ መልሰው ሊሰለፉ ይችሉ ነበር፤ ጊዜም ነበር። «ዓምራን፣ ስማኝ» ብላ ወደ ጆሮው አዘነበለች። እሱ ግን ዙሪያውን አየ። ዩኒፎርም የለበሱት ሰዎች አጠገባቸው ናቸው። በፍተሻ ፊት አንዲት አሮጊት በጆሮው ስታንሾካሹክ ምን እንደሚመስል እሱ በልጅነቱ ያውቀዋል፤ በዚያ ባቡር አብሯት ሄዶ ያውቃል። ፊቱ ደም መሰለ።

«እዚህ ቦታ አታንሾካሹኪ፣ ሆዮ» አላት፣ ቀስ ብሎ፣ ሳያያት። «እባክሽ።»

እጅጌውን ለቀቀች። ድሮ በሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር ሲያፍርባት፣ ሲያድግ ይገባዋል እያለች ታልፈው ነበር። አሁን አድጓል። አፏን ዘግታ ከሰልፉ ወጣችና ከሸኚዎቹ መከለያ ብረት አጠገብ ቆመች።

ዓምራን ተራው ሳይደርስ፣ ወደ ጉምሩክ ሠራተኞቹ ጠረጴዛ ሄዶ የድሮኑን ወረቀት ዘረጋ። ስሟ ሃኒ መሆኑን ደረቷ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ የሚናገር ወጣት ሠራተኛ ተቀበለችው። ድሮን ይዞ እየወጣ መሆኑን፣ ሲገባ መመዝገቡን፣ ፈቃዱ ገና እንዳላለፈ ነገራት። ወረቀቱን አንብባ በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች፤ ሰው ሁሉ እንደ እሱ ቢሆን ሥራዋ ይቀልላት እንደነበር ነገረችው። ፋዱማ ይህን ሰማች። ሃኒ ሻንጣውን እንዲከፍት ጠየቀችው። ዓምራን ሁለቱን መቆለፊያ በአንድ ጊዜ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ በሁለቱ አውራ ጣቶቹ ገፋና ክዳኑን ከፍቶ ሻንጣውን ወደ እሷ አዞረላት። እሱ የሚያየው የእሷን ፊት ነበር፤ ግራ መጋባቱን ያየው እዚያ ነው። ከሰልፉ አንድ ሰውዬ አንገቱን አስረዝሞ አየና፣ «ሐልዋም ይመዘገባል እንዴ?» አለ። የሳቁት ጥቂት ናቸው። ዓምራን ፎጣዎቹን አወጣ፤ ሐልዋውን አወጣ፤ ስፖንጁን ነቀለ። ከዚያ ድሮኑ መሰረቁን ተናገረ፣ ድምፁ እየተሰበረ፤ ጠዋት አልከፈተውም፣ ትናንት ማታ ግን ነበር፤ የድርጅት ንብረት ነው፤ ፖሊስ ይጠራልኝ አለ።

ፋዱማ በዚያን ጊዜ መናገር ነበረባት። አፏ ግን በሠለጠነበት ጸና፤ ዓይኗ በመስኮቱ ውጭውን ሜዳ ያይ ነበር። ማሽኑ ጋ ያለው ልጅ ጎማውን አቆመ። ወደ ኋላ መለሰው፣ ወደ ፊት አስኬደው፣ እንደገና አቆመው። ከዚያ ተነስቶ ማዳበሪያው የማን እንደሆነ ጠየቀ። ዘርፈሽ እጇን አነሳች። ሽሮው ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈ ሰፊ ላስቲክ ላይ ተዘረገፈ፤ ሽታው አዳራሹን ሞላው። ከመሀሉ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ብርድ ልብሱ ሲተረተር ባትሪዎቹ አንድ በአንድ ወደቁ። በሕፃን ልብስ ውስጥ ባትሪ ያዩት ሠራተኞች ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ አንዱ በሩን እንዲዘጉ ጮኸ። ዓምራን ግን ባትሪዎቹን አላየም። ቢጫ አበባ ያለበትን ሻሽ ነበር የሚያየው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ በሰዎቹ ትከሻ ላይ አሻግሮ ፋዱማን አያት። አልተቆጣም። መቆጣት ሲገባው ሳይቆጣ ሲቀር ምን እንደሚመስል አታውቅም ነበር፤ አሁን አወቀች።

«የማን ነው፣ እማማ?» አለች ሃኒ።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አለች ዘርፈሽ፣ ደንገጥ እንኳ ሳትል። «የማዳበሪያው አፍ ላልቶ ነበር።»

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ሀብተ ማርያም ተጠርተው መጡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ድሮኑን በእጃቸው አገላብጠው፣ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ቁጥሩ ልክ ነው። ፈቃዱም ልክ ነው። ይህ ነገሩን የሚያቀልለው መስሎ ነበር፤ እሳቸውን ግን ይበልጥ አሳሰባቸው። ወረቀቱን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ዓምራንን ጠየቁት። ፈቃድ የሌለው ሰው ቢደብቅ ይገባቸዋል። ፈቃድ ያለው፣ የተመዘገበ፣ ቁጥሩ የማይዛባ ሰው በሽሮ ውስጥ የሚደብቀው ለምንድን ነው? ከዋሂል ሌላ የቀረጸው ቦታ አለ? ይህ ዕቃ ሆዱ ውስጥ የያዘው ፊልም ምንድን ነው? ዓምራን ዓይኑን ከሻሹ ላይ አላነሳም። የሚናገረው እውነት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ሊናገረው አልፈለገም። ዝም ባለ ቁጥር የኃላፊው ፊት እየጠቆረ ሄደ። አንድ ፖሊስ ወደ ልጁ ተጠግቶ ቆመ።

ፋዱማ በመከለያው ብረት ሥር ጎንበስ ብላ ገባች። ሸኚ ማለፍ አይችልም ብሎ ጠባቂው ትከሻዋን ያዘ፤ አልቆመችለትም።

«እኔ ነኝ» አለች። ድምፁ የእሷ አልመሰላትም። «እኔ ነኝ የበተንኩት። ልጁ አያውቅም። እሷም አታውቅም። ጠዋት እሱ ሶላት ሲሄድ ነው ያወጣሁት። እንዳትወስዱበት ብዬ ነው።»

ዘርፈሽ ዓይኗን ጨፈነች። «አፍሽን ከፈትሽ፣ ፋዱሜ» አለች በሹክሹክታ፣ እንደ መርዶ። አቶ ሀብተ ማርያም ፋዱማን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ መነጽራቸውን አወረዱ። ፈቃድ እንዳለው እያወቀች ነው የደበቀችው? አዎን። ማን ይወስድበታል ብላ? እናንተ። ሃኒ ወደ ታች ተመለከተች። ኃላፊው ወደ ዓምራን ዞሩ።

«ምንህ ናቸው እኚህ ሴትዮ?»

ዓምራን ጠረጴዛው ላይ የታጠፈውን ወረቀት አየ። በዚህ ቦታ የሚነገር ነገር ሁሉ እንደሚጻፍ፣ የተጻፈውም ከመታወቂያው ጋር እንደሚመሳከር ያውቃል።

«አክስቴ ናት» አለ።

ትክክል ነው። ፋዱማ ትክክል መሆኑን ለራሷ ነገረች። በልጅነቱ ትምህርት ቤት ያስመዘገበችው ቀን ራሷም ለጸሐፊው ያለችው ይህንኑ ነው። ቢሆንም ቃሉ ሲመጣ የሆነ ቦታዋን አገኛት፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

ቃሏን በጠባብ ክፍል ተቀበሏት፤ ማራገቢያው ይዞራል፣ አየሩ ግን አይንቀሳቀስም። የተጻፈውን ሲያነቡላት ራሷን ነቀነቀች፤ ጣቷን በቀለም ነክታ አተመች። አቶ ሀብተ ማርያም አልጮሁባትም፤ ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። ልጁ መጥቶ እንዳሳየው ዕቃው በሻንጣው ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ ቁጥሩ ታይቶ፣ ማህተም ተመትቶ፣ እስካሁን ባቡሩ ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንደነበር ነገሯት። አሁን ግን የተደበቀ ዕቃ ሆኗል። ውስጡ ያለው ሥዕል በሚመለከታቸው ሰዎች እስኪታይ ይቆያል። መቼ እንደሚያልቅ እሳቸው አያውቁም። ልጁ ከፈለገ መሄድ ይችላል፤ እሷ ስትጠራ ትመጣለች።

ዘርፈሽን ለቀቋት። የተረፈውን ሽሮ ሰብስባ፣ ብርድ ልብሱን አራግፋ፣ ከተሳፋሪዎች ሁሉ መጨረሻ ወደ ባቡሩ ሄደች። ከፋዱማ ጋር ሲተላለፉ ቆም ብላ ጉንጯን በእጇ ጀርባ ነካቻት። ዓምራን ትኬቱን በእጁ ይዞ ባቡሩ እስኪንቀሳቀስ ቆሞ አየ። ሃኒ ለምን እንደማይሳፈር ስትጠይቀው፣ ያለ ድሮኑ ጅቡቲ መግባት ምን ያደርግልኛል ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። ባቡሩ ያለ ጩኸት፣ ያለ ጭስ፣ እንደተገፋ በር ተንሸራቶ ሄደ። አዳራሹ ባዶ ሆነ፤ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ወለሉ ላይ የተበተነውን ሽሮ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግ ጀመር።

ውጭ፣ የጣሪያው ጥላ የሚደርስበት የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በመካከላቸው ሦስተኛ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ቀርቷል። ፋዱማ ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። ምን አጠፋሁብሽ ይላል ብላ ጠበቀች፤ መልስም አዘጋጅታ ነበር፤ ስለ ሰምሰም ወሬ፣ ስለ ካሜራው ልጅ። እሱ ግን ስልኩን አወጣና ጅቡቲ ደወለ። የአለቃው ድምፅ ወፍራም ነበርና ካለችበት ይሰማታል። በሶማልኛ ነው የሚነጋገሩት፤ ሶማልኛ ደግሞ የእሷ የአፍ መፍቻ ነው፤ እሱም ያውቃል።

«ድሮኑ ተይዟል» አለ ዓምራን። «ያሸግሁት እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር ቀላቀልኩት።»

አለቃው ብዙ ተናገረ። እንዴት እንዲህ ያለ ሞኝነት እንደሠራ፣ ማን እንደመከረው፣ የሌላ ሰው እጅ እንዳለበት ጠየቀው።

«ማንም የለም» አለ። «እኔ ነኝ።»

አለቃው ለሚቀጥለው ሥራ ሌላ ልጅ እንደሚልኩ፣ እሱ እስኪጠራ ድረስ ቤቱ እንዲቆይ ነገረው። ዓምራን እሺ ብሎ ዘጋው።

ፋዱማ ቀና ብላ አላየችውም፤ ከጎን ግን አየችው። ሲናገር ምራቁን አልዋጠም። ድምፁ አልወጣም፣ አልወረደም። ለማሳመን ብሎ አንድም ቃል አልጨመረም፤ ተጠይቆ ሲደግመውም የመጀመሪያውን ብቻ ደገመው። በአሮጌው ባቡር ላይ ይህን የሚችሉ ሴቶች ጥቂት ነበሩ፤ እሷ ራሷ እስክትችለው ድረስ ዓመታት ፈጅቶባታል፤ ስንቴ ተንተባትባ ስንት ዕቃ ተወስዶባታል። እሱ በአንድ ጠዋት ቻለው። ያን ሁሉ ዘመን የተመላለሰችው ግን ይህ ልጅ ይህን ሳይማር እንዲያድግ ነበር።